እትዬ ዘነበች የከፈቱት መስኮት

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት መክፈት ጠብ መጫር ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ ልጁን ሳጉሬ ላይ ሲድር ጠርቶኝ፣ ከእህቴ ልጅ ከሰላም ጋር እየሄድን ነበር። ኢተያን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው መኪናው በሰው ትንፋሽ ታፍኖ፣ መስታወቱ ሁሉ ጉም ለብሶ፣ የደረሰው የገብስ ማሳ እንኳ አልታይ አለኝ። መስታወቱን በትንሹ ገፋ ባደርገው ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ተንጫጫ። «ኧረ ዝጉት! በነፋስ ሊያስመቱን ነው እንዴ?» አለ አንድ ጃኬቱን እስከ አገጩ የቆለፈ ጎረምሳ። እኔም ዕድሜዬን ተገን አድርጌ ያልሰማ መሰልኩ።

ሰላም ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ጎን ለጎንም ለዶክትሬቷ ትማራለች። እኔ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ከዘመድ ሁሉ ለይታ ስለ ሥራዋ የምታወራው ለእኔ ነው። ሌሎቹ «መቼ ነው የምታገቢው?» ከማለት ሌላ ጥያቄ የላቸውም።

«ጋሼ፣ የእኔ ኤሌክትሮኖች ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ አይችሉም» አለችኝ። «ያላቸው ሜዳ ብቻ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበሉት። በጣም አቀዝቅዘን፣ ማግኔት ውስጥ አስገብተን ማይክሮዌቭ ስንለቅባቸው ሬዚስታንሳቸው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዳንድ ቦታ ላይማ ጭራሽ ይጠፋል።»

«ድንቅ ነው» አልኳት፤ ከልቤ ነበር።

«ችግሩ ውጤታችንን ያሳየነው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ ነው። ‹ይህን ያመጣው ማይክሮዌቩ ነው ወይስ እንዲሁ ሙቀት? በምን ለያችሁት?› ይሉናል።»

ይህችን ጥያቄ አውቃታለሁ። በደርግ ጊዜ አሰላ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ተጠይቄያታለሁ። የመለሱልኝ ሌላ ሰው ናቸው፤ ዋጋውንም የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

አሰላ የተመደብኩት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ስለሆንኩ ብርድን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የአሰላ ብርድ ግን ከጭላሎ ተራራ ወርዶ፣ በእጅጌ ገብቶ፣ ደረት ላይ አልጋውን የሚያነጥፍ ብርድ ነው። እትዬ ዘነበች ቤት በደባልነት ገባሁ። አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው አርሲ ላይ የሰፈሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ አሮጊት ነበሩ። መሬታቸውም ትርፍ ቤታቸውም ተወርሶ የቀረቻቸው ያቺ የምንኖርባት ቤት ብቻ ነበረች። ኦሮምኛ ከአማርኛ እኩል ይናገራሉ፤ ጩኮም እንደሳቸው የሚሠራ አላየሁም። የተቆላውን የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ አሽተው፣ በእንጨት ጎድጓዳ ሳህን ጠቅጥቀው፣ «ይህ ነው እንጂ ካፖርት» ይሉኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በአንድ ያረጀ መጽሔት ላይ፣ አንዳንድ ትራንዚስተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሲሊከኑ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ስስ ሆነው እንደሚሰበሰቡ አንብቤ ነበር። ከአሰላ በላይ ደግሞ ኮረብታው ላይ ስልክ በማይክሮዌቭ የሚያስተላልፍ ማማ ቆሟል። ሁለቱን አገናኘኋቸው። ያንን ስስ ሽፋን ማማው ሥር ብወስደው ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመግታት አቅሙ፣ ይለወጥ ይሆን? ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ። ወጣት ነበርኩ፣ መምህር ነበርኩ፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ ከስብሰባ ሌላ መዝናኛ አልነበረም።

ሬዲዮ የሚጠግን ጎረቤት ከጣላቸው ዕቃዎች መሃል አንድ ትራንዚስተር ለምኜ ወሰድኩ፤ ክዳኑን በሞረድ ፈቅፍቄ አነሳሁ። ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ፈቃድ ጠይቄ ጋልቫኖሜትር፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንኳ በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ ተዋስኩ። ጥቂት ሬዚስተርና ሁለት የባትሪ ድንጋይ ጨምሬ ሁሉንም በጠመኔ ሳጥን ውስጥ ገጣጠምኩት። የትራንዚስተሩ ሬዚስታንስ ትንሽ እንኳ ሲለወጥ የጋልቫኖሜትሩ መርፌ ከዜሮ ፈቀቅ ይላል። ነገሩ ይኸው ነበር።

መርፌው ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ ያዩት እትዬ ዘነበች ናቸው። ትኩስ ቂንጬ በሳህን ይዘው መጥተው ሳጥኑ አጠገብ ቢያስቀምጡት መርፌው ወደ ቀኝ ተሳበ።

«ውይ! ሰገደልኝ እኮ!» አሉና ሳቁ።

«ሙቀቱ ነው፣ እትዬ። እስቲ ይተንፍሱበት።»

ጎንበስ ብለው እፍ አሉበት፤ መርፌው እንደገና ሄደ። በሩን ከፍተን ነፋስ ስናስገባ ተመለሰ። እንደ ልጅ ደጋግመው እፍ አሉበት። «ታዲያ ይህ ልጅህ የሚስማማው ብርድ ነዋ! ሀገሩን አገኘ» አሉኝ።

ሳጥኑን ይዤ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ማማው ሥር አስቀምጬ መርፌው ሲንቀሳቀስ ባየሁ ጊዜ ብቻዬን ዘለልኩ፣ ጮህኩ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ደመና ፀሐይዋን ሲጋርዳት መርፌው ተመለሰ፤ ደመናው ሲገለጥ ደግሞ ሄደ። ማይክሮዌቭ ሳይሆን ፀሐይ ነበረች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይተወው ነበር። እኔ ግን ሙቀቱን ለማስወገድ ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ መሆኑን አሰብኩ። ሳይነጋ መውጣት፤ ፀሐይ ሳይኖር፣ ውርጩ ሁሉን ነገር እኩል አቀዝቅዞት ሳለ ማየት። ለጥንቃቄ ያደረግኩት ይህ ነገር ነው ሰላይ ያስመሰለኝ።

ሣሩ በውርጭ ነጭ ብሎ ነበር። ሳጥኑን አስቀምጬ መርፌው እስኪረጋ ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ስጠብቅ የማማው ጥበቃ አቶ ገመዳ ጠመንጃውን አንግቶ ከተፍ አለ። ልጁን አስተምራት ስለነበር በደንብ ያውቀኛል።

«አካም ቡልቴ፣ ያ ባርሲሳ» አለኝ፤ እንዴት አደርክ መምህር ማለቱ ነው። ቀጥሎ ሳጥኑን አየ። «ይህ ምንድነው?»

ነገርኩት።

«በቀን ለምን አትመጣም ታዲያ?»

«በቀን ፀሐይ አለ።»

ከሳጥኑ ወደ እኔ ቀና አለ። ዓይኑ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። «ያ ባርሲሳ፣ እኔ አምንሃለሁ» አለኝ። «ግን ሌላ ሰው አይቶህ ከሆነ፣ እኔ ካልተናገርኩ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ልጆች አሉኝ።» ሳጥኑን ተቀብሎኝ ወደ ቀበሌ ወረደ። በእሱ አልፈርድም። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የሚኖረው ቀድሞ ተናግሮ ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታምራት ይባላል። ቀጭን፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ስንቱን ሲያስለቅስ አንድም ቀን ጮኾ አያውቅም። ሲስቅ ሰው አብሮት መሳቅ ይወድ ነበር፤ ከሳቁ በኋላ ምን እንደሚመጣ እያወቀ እንኳ። እሑድ ጠዋት፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት፣ የነዋሪዎች ስብሰባ ጠራ። የስብሰባው ርዕስ እኔ ነበርኩ። ሰላይ ከተባልኩ ወደ ላይ እንደምላክ፣ ወደ ላይ ከተላክሁ ደግሞ ተመልሶ የመጣ ሰው እንደሌለ የማያውቅ አልነበረም።

አዳራሹ ድሮ የአንድ ባላባት የእህል መጋዘን ነበር። በጭላሎ በኩል የእንጨት መስኮቶች አሉት። ሰው እየገባ ሲሄድ መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ይህን የሚያዝ የለም፤ ማንም አስቦበት አያደርገውም። በአገራችን ሰው ጥይት ሊደፍር ይችላል፤ ጀርባውን በነፋስ ማስመታት ግን አይደፍርም። ሕፃኑም፣ በሽተኛውም፣ ጤነኛውም በዝግ ቤት የአንዱን ትንፋሽ ሌላው እየተቀበለ ይቀመጣል። ውጭ ካፊያ ስለነበር የረጠበው ጋቢና ካፖርት መሽተት ጀመረ።

እኔን ከውጭ አምጥተው ፊት ለፊት አቆሙኝ። ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መርፌው ዜሮ ላይ።

«ጓዶች» አለ ጓድ ታምራት ፈገግ ብሎ፣ «መምህራችን በውርጭ ተነስቶ ማማ ሥር የሚማረውን ትምህርት ዛሬ እኛም እንማር። ቀጥል፣ መምህር።»

ነገርኳቸው። ስለ ኤሌክትሮኖቹ፣ ስለ ስሱ ሽፋን፣ ስለ ማይክሮዌቩ፣ ሁሉንም ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው አስረዳሁ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

«እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማማ አለ?» አለኝ።

«የለም።»

«እንግዲያው መርፌው እዚህ አይንቀሳቀስም።»

«አይንቀሳቀስም» አልኩ። ገና ከውጭ መግባቴ ነበር፤ ብርዱ ከአፍንጫዬ አልለቀቀም።

ጓድ ታምራት ስለ አድኃሪያን ማውራት ጀመረ። ሲያወራ ቸኩሎ አያውቅም። ከበስተኋላዬ ያለው ሕዝብ ያስላል፣ ይተነፍሳል፣ ይጠጋጋል። አንገቴ ላይ ላብ ሲመጣ ዓይኔን ወደ ሳጥኑ መለስኩ፤ መርፌው ፈቀቅ ብሏል። አምላኬ፣ ማንም አይይብኝ አልኩ። ከፊት ረድፍ የተቀመጠ አንድ የራሴ ተማሪ ግን ብድግ ብሎ «ተንቀሳቀሰ!» ብሎ ጮኸ። አስተውሎ የማየት ትምህርት የሰጠሁት እኔው ነኝ። ሰው ሁሉ ለማየት ግር ብሎ ጠረጴዛውን ከበበው፤ በከበቡት ቁጥር መርፌው ይባስ ነጎደ።

«መምህር» አለ ጓድ ታምራት በዚያው ለስላሳ ድምፁ፣ «ማማ የለም ብለኸን ነበር። ታዲያ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?»

«ሙቀት ነው!» አልኩ። «የእናንተ ትንፋሽ ነው! መስኮት ክፈቱና ራሳችሁ እዩት! ይመለሳል!»

አዳራሹ ሳቀ። መስኮት ሊከፍት የተነሳ ግን አልነበረም። ግማሹ ጓድ ታምራትን ፈርቶ ነው። ግማሹ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ነፋሱን ነው የፈራው። የእኔ ነፍስ በአንዲት የመስኮት መቀርቀሪያ ላይ ተንጠልጥላ ሳለ ሰዉ ጋቢውን ወደ ጆሮው ይስባል።

ከሴቶቹ መሃል እትዬ ዘነበች ተነሱ። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር አነሳሳቸው ረጅም ጊዜ ወሰደ። ማንም እንዳላዘዛቸው፣ ማንም እንዳልከለከላቸው ሁሉ ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ሄደው መቀርቀሪያውን ሳቡና ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርገው ከፈቱት። የጭላሎ ነፋስ ከነካፊያው ገባ።

«ልጁ እውነቱን ነው» አሉ። «እቤት አይቻለሁ። ትንፋሽ ነው የሚያስኬደው። ይኸው፣ እዩት!»

ማንም አላየውም። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ «ዝጊው! ዝጉት! ልትጨርሺን ነው!» እያለ ጮኸ። መርፌው በዚያች ሰዓት ነው የተመለሰው። ሲመለስ ያየነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ጓድ ታምራት። አይቷል። ዓይኑ ከመርፌው ጋር እስከ ዜሮ ድረስ ሲወርድ አይቼዋለሁ። ከዚያ ቀና ብሎ ተመለከተኝ፣ ፈገግ አለ፣ ቆቡን አውልቆ ጋልቫኖሜትሩን ከደነው።

«ተመልከቱ ጓዶች» አለ። «መልእክቱ በየት በኩል እንደሚገባ እትዬ ዘነበች ራሳቸው ከፍተው አሳዩን። መስኮት የሚወዱ ከሆነ ደግሞ አንከለክላቸውም። ስብሰባው እስኪያልቅ እዚያው ይቁሙና ይያዙልን፤ እንዳይዘጋ። ለብርዱም ምስጋናችሁን ለእሳቸው አቅርቡ።»

ሰዉ ሳቀና አጨበጨበ። እጁን ሊያሞቅ ነው ያጨበጨበው ብዬ ልከራከርለት እችል ይሆናል፤ ግን አልፈልግም።

ስብሰባው እንደዚያ ቀን ረዝሞ አያውቅም። ጓድ ታምራት ያለፈውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አስነበበ፣ መመሪያ አስነበበ፣ ሲያልቅ ደግሞ አስደገመ። እትዬ ዘነበች ከካፊያው ፊት ለፊት በአንድ ነጠላ ቆሙ። አንድ እጃቸው መዝጊያውን ይዟል። ነጠላው ረጥቦ ትከሻቸው ላይ ሲጣበቅ ከቆምኩበት ይታየኛል። ልጠጋቸው ብል የቀበሌው ጥበቃ በሰደፍ ደረቴን መለሰኝ። ጎረቤቶቻቸው፣ ጩኳቸውን የበሉ ሰዎች፣ «ይቺ አሮጊት በነፋስ ልታስፈጀን» እያሉ ይረግሟቸዋል። ጓድ ታምራት አልፎ አልፎ ቆቡን ብድግ አድርጎ ሥሩን ያይና መልሶ ይከድነዋል። መርፌው ዜሮ ላይ ነበር።

እኔ ከዚያ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ተወሰድኩ። ስለ እስር ቤቱ ብዙ አላወራም። ውስጥ እግሬን ምን እንዳደረጉት ክረምት በገባ ቁጥር እግሬ ራሱ ያስታውሰኛል። እትዬ ዘነበች ምግብ ያመጡልኝ ነበር። መገናኘት ስለማይፈቀድ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ድምፃቸውን ብቻ እሰማለሁ። ሳል ጀምሯቸዋል።

«ጉንፋን ናት» ይሉኛል። «አንተ ብቻ ብላ።»

አንድ ቀን ጥበቃው ራቅ ሲል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ያ መርፌ፣ ወረደ እንዴ?»

«ወረደ እትዬ። ልክ እንደከፈቱት ወረደ።»

«ዓይኔ እዚያ ድረስ አያይም» አሉኝ። «ሲጮሁብኝ ያልወረደ መስሎኝ ነበር። በከንቱ ያጋለጥኩህ መስሎኝ። ተመስገን።» ከዚያ ረጅም ሳል ሳሉ። ያን ሁሉ ሰዓት በካፊያ የቆሙት እውነቱ መታየት አለመታየቱን ሳያውቁ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥቂት ቆይቶ ምግቡ ቀረ። ጥበቃውን ብጠይቀው የሲጋራውን አመድ እያራገፈ «አታገኝም» አለኝ። «ያቺ መስኮት የምትወደው ሴትዮ ትናንት ተቀበረች።»

ወደ ላይ ሳልላክ የቀረሁት ለእኔ ታዝኖ አይደለም። ማማውን ሊጠግን ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ሳጥኑን አሳይተውት ኖሮ «ይህ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ማንንም አያገናኝም» ብሎ ሳቀባቸው። በማግስቱ ጓድ ታምራት ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። የጠመኔ ሳጥኔን በሁለት እጁ አነሳና እንደ ሽልማት አቀበለኝ።

«አብዮቱ ሳይንስን ያበረታታል፣ መምህር» አለኝ። «እኔን የገረመኝ ግን አንድ ነገር ነው። ሙቀት መሆኑን ለምን አስቀድመህ አልነገርከንም?»

ፈገግታው ያው ነበር። ሳጥኑን ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁ። ወደ ቤት ስሄድ በሩ ታሽጓል፤ ቤቱ ለሌላ ሰው ተመርቷል። ያቺ ጩኮ የሚጠቀጠቅባት የእንጨት ሳህን ደጅ ተጥላ ዝናብ ቋጥራ አገኘኋት። ብዙም ሳይቆይ ጮሌ ወደምትባል የገጠር ከተማ ተዛወርኩ። ሳጥኑን እንደገና ከፍቼው አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለሰላም ነገርኳት። አሰላ ልንገባ ጥቂት ቀርቶን ነበር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ቢሆንም ፊዚክስ ፊዚክስ ነውና እውነቱን ልትሸሽገኝ አልወደደችም።

«ጋሼ፣ በዚያ ትራንዚስተር ምንም አይታይም ነበር» አለችኝ። «እኛ የምናየው ነገር የሚታየው ከዚያ እጅግ በቀዘቀዘ ቦታ ነው። የአሰላ ውርጭ ለእነዚያ ኤሌክትሮኖች እሳት ነው።»

«አሁን አውቃለሁ» አልኳት።

«ግን ሙቀት መሆኑን ለይታችሁታል። በትክክል ለይታችሁታል። እኛ የምንሠራውም ያንኑ ነው፤ ሙቀቱን ነጥሎ ማየት።»

እውነቷን ነው። የዚያን ዕለት ሙከራ እንከን አልነበረውም። መላ ምት ነበረ፣ መስኮት ተከፈተ፣ መርፌው ወረደ። ያጨበጨቡትን ሰዎች ዛሬ ብዙም አላስባቸውም፤ ፈርተው ነበር፣ በርዷቸውም ነበር። የማይለቀኝ ያ ሰው ነው። ባይገባው ኖሮ ባለማወቁ ይቅር እለው ነበር። ነገር ግን ከእኔ በተሻለ ገብቶት ነበር፤ ስለገባውም ነው ቆቡን የከደነበት።

ከኋላችን ሕፃን ያቀፈች ሴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መስኮቱን ቢዘጉት? ልጄን ብርድ ሊገድልብኝ ነው።»

ሰላም ቀና ብላ አየችኝ። ነፋሱ ከጭላሎ በኩል ነበር፤ አውቀዋለሁ። ብርድ አይገድልም ብዬ የምከራከርበት አፍ የለኝምና እጄን ዘርግቼ ዘጋሁት።